አፍንጫዬ ያልለየው ክኒን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

መስቀል ካለፈ ወዲህ የቅቤ ገበያ ቀዝቅዟል። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ለበዓሉ ሲሻማ የነበረ ሰው አሁን ዋጋ ጠይቆ ያልፋል። አልከፋኝም፤ በርካሽ የምሰበስበው በዚህ ሰሞን ነው። ከፎንቆ መንደር ጥሩ ለጋ ቅቤ መጣልኝ። አንዷ ያመጣችው ግን ውሃ የበዛበት ነበር፣ መለስኩት። "ሳትቀምሺው እንዴት አወቅሽ?" አለች። አፍንጫዬ ለምኔ ነው?

ርብቃ ከእርግዝና ክትትል ዘግይታ ተመለሰች። የልጄ የሚክያስ ሚስት ናት፤ ይህ ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። አምና በስምንተኛ ወሯ የደም ግፊቷ ድንገት ወጣ። ጓዳ ወድቃ ስትንዘፈዘፍ ያገኘኋት እኔ ነኝ። እሷ ተረፈች። ወንዱ ልጅ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ስለሱ በዚህ ቤት ማንም አያነሳም።

"እማዬ፣ ጥናት ውስጥ ግቢ አሉኝ።"

"የምን ጥናት?"

"የግፊት። የእርጉዝ።"

በሰው ልጅ ላይ ሙከራ? በኛ ልጅ ላይ? ሐሙስ አብሬያት እሄዳለሁ። ያላየሁትን ዕቃ አልገዛም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሱቄን ዘግቼ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ታዴዎስ የሚሉት ገና ልጅ ነው፣ ግን ረጋ ያለ። ነርሷ ሲስተር ሰብሌ አጠገቡ ተቀምጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግፊት ለሚያሰጋቸው እርጉዞች የታወቀ መድኃኒት አለ። እሱን ሁሉም ይወስዳል። በሱ ላይ አንድ ተጨማሪ ክኒን ይሰጣል። ተጨማሪው ይጠቅም አይጠቅም ገና አልታወቀም። ስለዚህ ግማሾቹ ሴቶች ክኒኑን ያገኛሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ በመልክ እሱኑ የሚመስል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ። በዕጣ።

"እንደ እቁብ?"

"እንደ እቁብ" አለ ሳቅ ብሎ።

"እቁብ እንኳ ኋላም ቢሆን ለሁሉም ይደርሳል፣ ዶክተር።"

ሲስተር ሰብሌ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

"የቷ የቱን እንዳገኘች ማን ነው የሚያውቀው?"

"እዚህ ማንም አያውቅም። እኔም፣ ሲስተርም። አዲስ አበባ ተቆልፎ ነው የተቀመጠው። ለሕክምና የግድ ካላስፈለገ አይከፈትም።"

"ቁልፉን የያዘው ሰው ስልክ የለውም?"

"አለው። ለእርስዎ ግን አያነሳም።"

ወደድኩት፣ ልጁን። ክርክር ያውቃል። አሠራሩን ግን አልወደድኩትም። ሻጩ የሚሸጠውን የማያውቅበት ገበያ አይቼ አላውቅም።

ርብቃን "ተዪው፣ እንሂድ" ልላት ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶውን አንስታለች።

"የምፈርመው እኔ ነኝ እማዬ።"

ድምፅዋ እንዲህ ጠንክሮ ሰምቼው አላውቅም። ፈረመች። አንድ ነጭ ብልቃጥ ይዘን ተመለስን።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ኢክራም መጣች። ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቅ የሚሸጠው የፈትሁዲን ሚስት ናት፤ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። እናቷ በዚሁ በግፊት ነው ያረፈችው። እሷም እዚያው ጥናት ገብታለች። ብልቃጧን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ እስቲ እዪልኝ። ትክክለኛው ነው?"

"እኔ ፋርማሲ ነኝ?"

"ወላሂ፣ የገበያውን ቅቤ ሁሉ የምትለዪ ሰው ይሄ ያቅትሻል?"

እንዲህ ስትለኝ እንዴት እምቢ ልበል? የርብቃንም አመጣሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አሸተትኩ። ላስኩ። አንዱን ሰብሬ ውስጡን አየሁ። ውሃ ውስጥ ጣልኩ። አንድ ናቸው። መልካቸው፣ ጣዕማቸው፣ ውሃ ውስጥ መሟሟታቸው... አንድ! ማን እንደሠራው እንጃ እንጂ ጎበዝ ሰው ነው።

አላውቅም ማለት ግን አልወደድኩም። ሁለቱ ሴቶች ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

"አንዳችሁ ጥሩው ደርሷችሁ ይሆናል፣ አንዳችሁ ባዶው። ስለዚህ ይቀላቀልና ሁለታችሁም ከሁለቱም ትወስዳላችሁ። ማንም ባዶ እጇን አትቀርም።"

ኢክራም አጨበጨበች። "ለዚህ እኮ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት!"

ርብቃ ዝም አለች። ክኒኖቹን ትሪ ላይ ገልብጬ አዋሃድኩና መልሼ ለሁለቱም አካፈልኩ። የሰበርኩት ስለጎደለ፣ ሲስተር ብትጠይቅ "ወደቀብኝ" በዪ አልኩ። አለቀ። ለዶክተሩ እቁብ መላ ተገኘለት።

ዓርብ፣ ህዳር 6

ክትትል ሄዱ። የሰበርኩትን "ወደቀ" ብለዋት፣ ሲስተር ሰብሌ የተረፈውን ቆጥራ "ጎበዞች፣ አንድም አላጓደላችሁም" ብላቸዋለች። ኢክራም እየሳቀች ነገረችኝ። ርብቃ አልሳቀችም። አዲሶቹን ብልቃጦች ትሪ ላይ ገለበጥኩ።

የሁለቱም ግፊት ደህና ነው። የኔ ዘዴ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ህዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ሰው ሁሉ ዛሬ ካልበላሁ ብሎ ቅቤ አልቆብኛል። የዳምቦያዋ አበራሽ ሁለት ትልልቅ ጥቅል በኮባ አምጥታ ሳታስቀምጠው ተሸጠ። ቅቤ ስታቀርብልኝ ዓመታት አልፈዋል፤ አፏ እንጂ ቅቤዋ አያስቸግርም። የልጇ ሚስትና የወንድሟ ሚስት እርጉዞች ናቸው፣ ሁለቱም እዚያው ጥናት ውስጥ።

"ዕጣ ምናምን ይላሉ፣ ልቤን አወለቁት" አለችኝ።

ዘዴዬን ነገርኳት። ዓይኗ በራ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሚኒስትር መሆን ነበረብሽ!"

ትንሽ ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

የተበላሸ ቀን።

በጾሙ የሚገዛኝ ሙስሊሙና ጴንጤው ነው፣ እንጂ ገበያው ደርቋል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለው ደንበኛዬ ዕቃ መለሰ። ከታች ሲቆረጥ የረጋ ዘይት ተደባልቆበታል። በእኔ ስም የወጣ ዕቃ! የመጣው ከፎንቆው ዘርአብሩክ ነው። አስጠራሁት። መጣ፣ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

"ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ነው የሰበሰብኩት እትዬ። አንድ ላይ አደረግኩት። አንዷ ዘይት ጨምራ ይሆናል።"

"የቷ ናት?"

"አሁን እንዴት ልወቅ? ተቀላቅሏል። ደግሞ ክፉ አላሰብኩም፣ የደካማዋም በጥሩዋ ይሸፈን ብዬ ነው።"

ጮኽኩበት። ጎረቤት እስኪወጣ። "ጥፋቱ ዘይቱ አይደለም፣ ዘርአብሩክ! ዘይቷን ያመጣችውን ባውቅ እሷን አባርሬ እገላገል ነበር። አንተ ግን ማወቂያውን ነው ያጠፋኸው። ጥሩዋንም ሴት አበላሸህብኝ፣ መጥፎዋንም ደበቅክልኝ!"

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እውነቴን ነበር። ልክ ነበርኩ።

ታዲያ ለምንድን ነው እራት አልበላ ያለኝ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ርብቃ ዛሬ ተናገረች። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል።

"ሆስፒታል ከአዲሎ አንዲት ልጅ አምጥተው ነበር። እንደኔ ስትንዘፈዘፍ። እሷ ተርፋለች። ልጁ... አልተረፈም።"

መክተፏን ቀጠለች።

"የኔ ሲሞት ዶክተሮቹን 'ለምን?' አልኳቸው፣ እማዬ። 'ግፊት ለምን አንዷን መርጦ እንደሚይዝ፣ በምን እንደሚቀር ገና አናውቅም' አሉኝ። አናውቅም! ለልጄ የተሰጠኝ መልስ እሱ ነው። ክኒኑ እንዲደርሰኝ ብዬ አይደለም የፈረምኩት። የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ብዬ ነው።"

"ታዲያ ስቀላቅል ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺን እምቢ ማለት ይቻላል እንዴ?"

ቢላዋን አስቀምጣ ወጣች።

ዘርአብሩክ ላይ የጮኽኩት ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ማወቂያውን ነው ያጠፋኸው...

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

በረጋ ልብ ላስበው። ብንናገር ያስወጡን ይሆናል። ርብቃ ክትትሏን ብታጣስ? ባንናገር ደግሞ ማንም አያውቅብንም። በንግድ ብቻ ቢታይ ዝም ማለቱ ያዋጣል።

ዓርብ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ተናገርኩ። በሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ርብቃ በቀኜ፣ ኢክራም በግራዬ ተቀምጠዋል። "የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፣ ልጆቹን አትቆጣ" አልኩ።

ሲስተር ሰብሌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይቺ "ጎበዞች" ያለቻቸው ልጅ... የሷ ፊት ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን ቀላቀሉት?"

"ግማሽ ግማሽ እንዲደርሳቸው።"

"ሁለቱም ዕጣ አንድ ዓይነት ቢሆንስ?"

"እንዴት?"

"ሁለቱም እውነተኛው ደርሷቸው ይሆናል። ወይም ለሁለቱም ባዶው። አንዷ ይሄን፣ አንዷ ያንን አግኝታለች ያለዎት ማነው?"

ማንም። ማንም አላለኝም! በዚህ ሁሉ የንግድ ዘመኔ፣ ያላየሁትን ሒሳብ ልጁ በአንድ ጥያቄ አሳየኝ። አልዋሽም፣ ሳቄም መጣ።

"ተለያይቶ ቢሆንም እንኳ ግማሽ መድኃኒት ግማሽ ጥቅም ይሰጣል ማለት አይደለም" አለ። "ምንም ላይሰጥ ይችላል። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራኝ አንዳቸው ታመው ቢሆን ኖሮ ነው። በሰውነታቸው ያለው ምን እንደሆነ ከአዲስ አበባ ብናስከፍት እንኳ የምናገኘው መልስ ውሸት ይሆን ነበር።"

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ።

"ያስወጡናል?" አለች ርብቃ።

"አይደለም። ክትትላችሁም ሕክምናችሁም እንዳለ ይቀጥላል። የሆነውን እንዳለ እንጽፈዋለን፣ ለሚቆጣጠሩንም አሳውቃለሁ። የተነገረንን ስህተት ይዘን መሥራት እንችላለን። ያልተነገረንን ነው የማንችለው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሌላ እንዲህ የሚያደርግ የሚያውቁት ሰው አለ?"

ወይ አፌ።

"ዳምቦያ" አልኩ። "እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። እኔው እመልሰዋለሁ።"

"ሲስተር አብራዎት ትምጣ።"

"ትምጣ። ግን መጀመሪያ እኔ ልናገር። አንቺን ሲያዩ ይደብቃሉ፣ ሲስተር።"

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ከሲስተር ሰብሌ ጋር ዳምቦያ ዋልን። አበራሽ ግቢዋ በር ላይ አገኘችን። ጉዳዩን ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ቀላቅሉ ያልሽን አንቺ። አትቀላቅሉ የምትዪን አንቺ። እኛ ምንሽ ነን፣ ማማሰያሽ?"

"ተሳስቼ ነው አበራሽ።"

"ምን አልሽ?"

"ተሳስቻለሁ አልኩ።"

"አንዴ ድገሚው፣ ምራቴ አልሰማችም።"

ደገምኩት። ሴቶቹ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ከሳቁ በኋላ ነው የሰሙኝ። ነገሩን በቅቤ አስረዳኋቸው፦ የሁለት ቤት ቅቤ ባንድ ከሆነ የማን ላም ጥሩ እንደሆነ መቼም አይታወቅም፤ ልጆቻችሁ ሲያረግዙ ማንን ትጠይቃላችሁ? አበራሽ ገብታ ብልቃጦቹን ይዛ ወጣችና ለሲስተር ሰጠች። ለካ ምክሬን ለሌላ ሦስተኛ ቤትም አሻግራዋለች። እዚያም ሄድን።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሲስተር ሰብሌ አላናገረችኝም። አንጋጫ መገንጠያው ጋ ስንደርስ "ሱቅሽ ለእናቴ የሚሆን ቅቤ አለ?" አለች። ታርቀናል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ደህና ነን። ርብቃም ኢክራምም በየብልቃጣቸው። ትሪው ለሽንኩርት ብቻ ነው።

ዘርአብሩክ መጣ። አሁን የእያንዳንዷን ቤት ቅቤ ለየብቻ በኮባ ጠቅልሎ፣ በቀለም ክር አስሮ ያመጣል። ተቀበልኩት። ባለፈው ጊዜ የጮኽኩት በዝቶ እንደነበርም ነገርኩት። ደንግጦ ሊወድቅ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 24

የርብቃ ግፊት ወጣ።

ጠዋት ራሴን አመመኝ አለች። ሁለተኛ ቃል አልጠበቅኩም። ባጃጅ አስቁሜ በቀጥታ ሆስፒታል። ለኩት። ሲስተር ሰብሌ ፊቷ አልተለወጠም፣ ግን እርምጃዋ ፈጠነ። አስተኟት።

አምናም በዚሁ ወር ነበር...

አይ። አምና ጓዳ ውስጥ ነበረች። ዘንድሮ አልጋ ላይ ናት፣ ክንዷ ላይ መለኪያው፣ አጠገቧ የምትከታተላት ነርስ። አንድ አይደለም። አንድ አይደለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ግፊቷ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዶክተር ታዴዎስ ሰኞ ምጥ በመድኃኒት እናስጀምራለን፣ ልጁ አሁን ለመወለድ ደርሷል አለ።

ሚክያስ ልቡ አልቻለም። እናቱን አልወጣም፣ ያባቱ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ይጮኻል። ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩን ያዘው።

"አስከፍቱት! አዲስ አበባ ደውሉ! ሚስቴ ስትውጥ የከረመችው ባዶ ከሆነ ልወቅ!"

ዶክተሩ ወደ እኔ ተመለከተ። ለምን ወደ እኔ?

እውነቱን ልጻፍ። በጥቅምት ቢሆን ለዚህች መልስ ሱቄን እሰጥ ነበር። ዛሬም "ይከፈት" የምትለዋ ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሳለች።

"ቢከፈት የምትሰጧት ሕክምና ይለወጣል?" አልኩ።

"አይለወጥም። ባዶውም ቢሆን፣ እውነተኛውም ቢሆን ሰኞ የምናደርገው አንድ ነው። ቢለወጥ ኖሮ እኔው አስከፍቼው ነበር።"

"እንግዲያው እንደተቆለፈ ይቆይ።"

"እማዬ!" አለ ሚክያስ።

"ይቆይ አልኩ። ውሳኔው የርብቃ ነው። ሂድ ጠይቃት።"

ገባ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። "እንደ አንቺ ነው ያለችኝ" አለ።

እንደ እኔ? እኔ ነኝ እንጂ እንደ እሷ ያልኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሴት ልጅ።

ትንሽ ናት፣ ግን ድምፅዋ ገበያ ያስቆማል። ሲስተር ሰብሌ ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። አሸተትኳት። ምን ላድርግ፣ ልማዴ ነው። ርብቃ ከአልጋዋ ላይ "ንጹሕ ነች?" አለችኝ።

"ለጋ" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መጀመሪያው ልጅ አወራችኝ። ወንድሟን እንደምትመስል። ፊቱን አይታው እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

የርብቃ ግፊት እየወረደ ነው። ገና ያቆዩዋታል፤ ከወሊድ በኋላም ይነሳል ብለዋል። ያቆዩዋት። ለአራስ ብዬ ያስቀመጥኩት የፎንቆ ለጋ አለ። ቡላውንም በወተት ሠርቼ ወሰድኩላት። ጾሜን ስለሆንኩ ሳልቀምሰው። ከሽታው አወቅኩት፣ ጨው አንሶታል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ፋሲካ ሊሆን ነው፣ ገበያው መፈናፈኛ የለውም። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም። ርብቃ ልጅቷን ታቅፋ ሱቁ ጓዳ ተቀምጣለች፤ ግፊቷ ወርዷል፣ ቀጠሮዋን ግን አታስታጉልም። ኢክራም ባለፈው ሳምንት ወንድ ወለደች፤ ግፊትም አልነካት። እውነተኛው ደርሷት ይሆን? ወይስ ባዶውን ይዛ እንዲያው ደህና ሆነች? ይሄ ጥያቄ ሌላ ጊዜ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ጥናቱ ገና ብዙ ሴቶች ይቀሩታል፤ መልሱ ሲወጣ እንደሚነግሩን ዶክተሩ ቃል ገብቷል። እስከዚያ ቅቤዬን እሸጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የማላውቃት ልጅ መጣች። ሆዷ ገና መታየቱ ነው። በአንድ እጇ የሚሸጥ ቅቤ፣ በሌላው ያ ነጭ ብልቃጥ። ግራ ቀኝ አይታ ብልቃጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ አሉኝ። ትክክለኛው ነው?"

ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩላት።

"አላውቅም።"

እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ። ሁለት ሴቶች ዞረው አዩኝ።

"ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?" አለች።

"ገና ማንም። እናንተ ጨርሳችሁ ስትወስዱት ነው የሚታወቀው። የራስሽን ብቻ ውሰጂ፣ ከማንም ጋር አትቀላቅይ። ጥያቄ ካለሽ እዚያ ሲስተር ሰብሌ የምትባል አለች፣ እሷን ጠይቂ። አላውቅም ካለችሽም እመኛት።"

ልጅቷ ብልቃጡን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከጓዳ ርብቃ ስትስቅ ሰማኋት።

ቅቤውን ግን አሸተትኩ። ሙዝ ተቀላቅሎበታል። መለስኩላት።